ልጅ ሳለን የወደድነው ኢቲ፦ ዛሬ ከልጆቻችን ጋር እንየው ወይስ በትዝታ ይቅር?

ጥያቄ፦ «ኢቲ የተባለውን፣ ከሌላ ዓለም መጥቶ ምድር ላይ ስለቀረ ፍጡር የሚተርከውን ፊልም ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ ከእህቶቼ ጋር ተደርድረን ነው። መጨረሻው ላይ ሁላችንም አለቀስን። ልጆቹ በብስክሌት ተሰልፈው በጨረቃዋ ፊት ሲያልፉ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። አሁን የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ላሳያቸው አሰብኩ። ግን የያዘኝ ነገር አለ። አርጅቶ ቢታየኝስ? አሻንጉሊቱ አሻንጉሊት ሆኖ ቢታየኝና ትዝታዬ ቢበላሽስ? ደግሞ በኋላ የተነካካ ቅጂ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የቱን ልምረጥ? ለትንሿ ልጄስ አያስፈራም?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ይዩት። ዛሬ ነገ ሳይሉ ከሁለቱም ልጆችዎ ጋር ይዩት። ሥራዬ የፊልም ኤዲቲንግ ነው፤ የተቀረጸውን ምስል እየቆረጡ መቀጠል ማለት ነው። አስተምራለሁም። ይህን ፊልም ለተማሪዎቼ ትዕይንት በትዕይንት እየበተንኩ አሳያለሁ። ብዙ የልጅነት ፊልም እንዲህ ሲበተን ውበቱ ያልቃል። ይሄኛው አላለቀም። ለምን እንዳላለቀ ልንገርዎት፤ የስጋትዎ መልስም እዚያው ውስጥ ነው።

ከትዝታዎ ልጀምር። ልጆቹ ተሰልፈው በጨረቃ ፊት አያልፉም። በፊልሙ ውስጥ ሁለት በረራዎች አሉ። የመጀመሪያው በሃሎዊን ምሽት ነው። ኢቲን ቤቱ የደበቀው ልጅ ኤልየት ብቻውን ብስክሌቱን ይነዳል፤ ኢቲ ከፊት ቅርጫቱ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጨረቃዋ ያለችው እዚህ ነው። ሁለተኛው ወደ መጨረሻው ነው። አምስት ልጆች በአምስት ብስክሌት ከሚያሳድዷቸው ሰዎች ያመልጣሉ፤ ከኋላቸው የምትታየው የምትጠልቅ ፀሐይ ናት። እጅግ ብዙ ሰው ሁለቱን በረራዎች አንድ አድርጎ ነው የሚያስታውሳቸው።

ይህን ያነሳሁት ስህተት ለመልቀም ብዬ አይደለም። ትዝታዎ ምን እንደያዘና ምን እንደጣለ ስለሚያሳይ ነው። የያዘው ሰማዩን ነው። የጣለው ቤቱን ነው። ፊልሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ቤት ውስጥ ነው፤ ወጥ ቤት፣ መኝታ ክፍል፣ ጋራዥ፣ አሻንጉሊት የታጨቀበት ቁም ሳጥን። ብስክሌቶቹ አየር ላይ የሚቆዩት ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ «ይበላሽብኛል» ብለው የሚሳሱለት ነገር የፊልሙ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁን ክፍል ያኔ ዓይንዎ አይቶታል፤ ልጅ ስለነበሩ ግን ልብዎ አልፎታል። አሁን ሊያዩት የሚሄዱት እሱን ነው።

ቤቱ አባት ጥሎት የሄደ ቤት ነው።

የፊልሙ ዳይሬክተር ስቲቨን ስፒልበርግ ወላጆቹ የተፋቱበት ሰው ነው። በዚያ ብቸኝነት ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጣ ጓደኛ በሐሳቡ ይፈጥር እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሐሳቡን ወደ ድርሰት የለወጠችው ሜሊሳ ማቲሰን ናት። ፊልሙ ሲቀረጽ የሥራ ስሙ «የአንድ ልጅ ሕይወት» የሚል ነበር። ምስጢር ለመጠበቅ የወጣ ስም ነው፤ ለእኔ ግን ከኋለኛው ስም በላይ ፊልሙን ይገልጸዋል። መንኮራኩሩንና ጨረቃዋን ትተው ይህን ስም ይዘው ቢቀመጡ፣ ያልጠበቁት ፊልም ይከፈትልዎታል።

የእራቱን ትዕይንት ልብ ብለው ይዩት። ኤልየት ጓሮ ውስጥ አንድ ነገር አይቻለሁ ይላል። የሚያምነው የለም። ታላቅ ወንድሙ ማይክል ያሾፍበታል። ኤልየት በንዴት፣ አባዬ ቢሆን ያምነኝ ነበር ይላል። እናቱ ሜሪ፣ እንግዲያው ደውልና ንገረው ትለዋለች። አልችልም ይላል ልጁ፤ ሜክሲኮ ነው፣ ከሳሊ ጋር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ይመልከቱ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጨዋታ ቀጥ ይላል። ሜሪ ትነሳና ዕቃ ማጠቢያው ጋ ሄዳ ትቆማለች። ትንሿ እህቱ ገርቲ ሜክሲኮ የት ነው ብላ ትጠይቃለች። ሜሪ እንባዋን እየታገለች የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ሜክሲኮን አይወድም ትላለች።

ልጅ ሆነን ስናይ ከዚህ ትዕይንት የሚቀረን ኤልየት ወንድሙን የሚሰድበው ስድብ ነው፤ ያስቃል። ትልቅ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ባልዋ ከእሷ ጋር ሳለ የማይወደውን አገር ከሌላ ሴት ጋር ሄዶበታል። ይህን የሰማችው ከልጇ አፍ ነው፣ ያውም በልጆቿ ሁሉ ፊት። ማይክል ወዲያው ኤልየት ላይ ይጮህበታል፤ የሌላው ሰው ስሜት ለምን አይገባህም ይለዋል። ያ ልጅ በአባቱ ቦታ ለመቆም እየሞከረ ነው። በዚህች አጭር ትዕይንት ስለ ፍቺ ማንም ምንም አላለም፤ ሁሉም ነገር ግን ተነግሯል።

ጋራዡ ውስጥም እንዲሁ ነው። ወንድማማቾቹ ኢቲ ወደ ቤቱ መልእክት የሚልክበትን መሣሪያ ለመሥራት ዕቃ እየፈለጉ ነው። በመካከል የአባታቸውን አሮጌ ሸሚዝ ያገኛሉ። ያሸቱታል። ሽቶው የቱ እንደነበር ይነጋገራሉ። አባታቸው ጨዋታና ፊልም ይወስዳቸው እንደነበር ያነሳሉ። ትዕይንቱ ባይኖር ታሪኩ አይጎድልም፤ መሣሪያው ይሠራል፣ ኢቲ ይደውላል። ኤዲተር ሰዓት ለማሳጠር ሲቀመጥ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው እንዲህ ያለው ላይ ነው። የዚህ ፊልም ኤዲተር ካሮል ሊትልተን ግን አልቆረጠችውም። እኔ ይህን ፊልም የማከብረው ከበረራው ይልቅ በዚህ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ማቀዝቀዣው ነው። ይህን ከልጆችዎ ጋር ሲያዩ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሜሪ አስቤዛ ይዛ ገብታ ዕቃ ትደረድራለች። ኢቲ ከማቀዝቀዣው ያገኘውን ቢራ ጠጥቶ ሰክሯል፤ እየተንገዳገደ ከኋላዋ ይዞራል። ገርቲ፣ እማዬ እይው እንጂ እያለች ትለምናለች። እናት እሺ እሺ እያለች አታይም። የማቀዝቀዣውን በር ስትከፍት በሩ ኢቲን ይመታዋል፤ ይወድቃል። አሁንም አላየችም። ልጆች የሚስቁት ትልቅ ሰው እንዴት እንዲህ ይታወራል ብለው ነው። እርስዎ ግን ሜሪን ያውቋታል። ብቻዋን ሦስት ልጅ የምታሳድግ፣ ከሥራ የምትሮጥ ሴት ናት። ፊት ለፊቷ ተአምር ቆሞ ዕቃ ትደረድራለች። አንድን ትዕይንት ሁለት ተመልካች በሁለት መንገድ ሲያየው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዲ ዋላስ ይህን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችበትን መንገድ ያኔ በቂ ሰው ያመሰገናት አይመስለኝም።

ስለዚህ «ያኔ የተሰማኝ ስሜት ይመለስልኛል ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ መልሴ አይመለስም ነው። ያ ስሜት አሁን የልጆችዎ ድርሻ ነው። የእርስዎ ድርሻ ሜሪ ናት። ያንኑ የድሮውን ስሜት ብቻ እየጠበቁ ከተቀመጡ ግን ፊልሙ ይደክማል።

ይህ የሁለት ተመልካች ነገር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ካሜራው ዝቅ ብሎ ነው የተተከለው። የብርሃኑና የካሜራው ባለሙያ አለን ዳቪዮ ነው። አብዛኛው ነገር የሚታየው ከልጅ ዓይን ከፍታ ነው፤ አንዳንዴ ከኢቲ ከፍታ። ልብ ይበሉ፣ ከሜሪ በስተቀር የትልልቅ ሰዎችን ፊት ለረጅም ጊዜ አያዩም። የሳይንስ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ይዞራል፤ የምናየው ሰውነቱን እንጂ ፊቱን አይደለም። ጫካ ውስጥ ኢቲን የሚፈልጉት የመንግሥት ሰዎች የእጅ ባትሪና እግር ናቸው። ዋናው ሰውዬ በቀበቶው ላይ የሚንሿሿ የቁልፍ ዘለላ ነው። ድምፁን ከሰማን በቃ፣ አደጋ መጣ ማለት ነው።

ከዚያ ያ ሰውዬ ፊቱን ያሳያል። ፒተር ኮዮቲ ነው የሚጫወተው። ሲናገርም እንደጠበቅነው አይደለም። ከ10 ዓመቴ ጀምሮ ይህን ስመኝ ኖሬአለሁ ይለዋል ለኤልየት። ፍጡሩን መጀመሪያ ያገኘኸው አንተ በመሆንህ ደስ ብሎኛል ይለዋል። ያ ሰው ያደገ ኤልየት ነው። ልጅ ሆኖ ያየ ሰው ይህን ንግግር አያስታውሰውም፤ እኔ የጠየቅኳቸው አብዛኞቹ ሰውየውን ክፉ አድርገው ነው የሚያስቡት። ክፉ አይደለም። ዘግይቶ የደረሰ ነው።

አሁን ወደ እርጅናው ልምጣ፤ ይህኛው የሙያዬ ጥያቄ ነው።

አሻንጉሊት መሆኑ ያስታውቃል? አዎ፣ አንዳንድ ቦታ ያስታውቃል። በተለይ ቆሞ ሲራመድ። በልብሱ ውስጥ ሆነው ያንቀሳቀሱት አጫጭር ተዋንያንና እግር አልባ ሆኖ የተወለደ፣ በእጁ የሚሄድ አንድ ልጅ ነበሩ፤ አረማመዱ ቢያወላግድ አይገርምም። ፊቱ ግን ዛሬም ይሠራል። የሠራው ጣሊያናዊው ካርሎ ራምባልዲ ነው። ዓይኑና ግንባሩ ሲቀረጽ ከአንስታይን፣ ከሄሚንግዌይና ከገጣሚው ካርል ሳንድበርግ ፎቶዎች ሐሳብ ተወስዷል። ለዚህ ነው ሕፃንም ሽማግሌም የሚመስለው።

የማያረጅበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ነገሩ ክፍሉ ውስጥ ነበር። በመጋረጃው የገባው ብርሃን ኤልየት ላይ እንዳረፈ ሁሉ እሱም ላይ አርፏል። ጭሱ በሁለቱም ፊት አልፏል። ልጁ ሲያየው በእርግጥ የሚያየው ነገር አለ። ገርቲን የተጫወተችው ድሩ ባሪሞር 6 ዓመቷ ነበር፤ ኢቲን እውነተኛ ፍጡር አድርጋ ታዋራው ነበር። ይህን ያዩት ሠራተኞች እሷ ስትመጣ ዝም ብሎ እንዳይጠብቃት ያንቀሳቅሱላት እንደነበር ራሷ አድጋ ተናግራለች። ካሜራው የቀረጸው ያንን ዓይን ነው። ኮምፒውተር በኋላ የሚጨምረው ምስል ይህን አያገኝም፤ ተዋናዩ ባዶ ግድግዳ እያየ ነውና።

ድምፁም እንዲሁ በእጅ የተሠራ ነው። ቤን በርት የተባለው የድምፅ ባለሙያ ፓት ዌልሽ የምትባል፣ ብዙ ሲጋራ የምታጨስ፣ ድምፀ ሻካራ ሴት አገኘ። የእሷን ድምፅ ከሌሎች ሰዎችና ከእንስሳት ድምፅ ጋር አዋሐደው። ሲያዩት አንዴ ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጡት። ትንፋሹ ብቻውን ይተውናል።

ያረጀውስ የቱ ነው? ሁለተኛው በረራ። የአምስቱ ብስክሌቶች ጠርዝ ከኋላቸው ካለው ሰማይ ጋር ሙሉ በሙሉ አልተዋሐደም። የተለያዩ ምስሎች በላብራቶሪ ተደራርበው የተሠሩበት ዘመን ነው፤ በትልቅ ስክሪን ላይ ስፌቱ ይታያል። የ9 ዓመት ልጅዎ ይህን ልብ ሊል ይችላል። ቢል እውነቱን ይንገሩት፤ ያኔ እንዴት እንደሚሠራ መስማት ልጆች ይወዳሉ። የታሪክ ክፍተትም አለ። አምስት ብስክሌት ማንሳት የሚችል ፍጡር መጀመሪያ ላይ መንኮራኩሩ ጥሎት ሲሄድ ለምን አልበረረም? ፊልሙ መልስ አልሰጠም። የሳይንስ ነገር ፈልጎ ለሚቀመጥ ሰው በጠቅላላው ጥቂት ነው የሚያገኘው። እኔ በግሌ ሳይንሱን አልፈልግበትም።

አንድ ትዕይንት ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ በክፍል ውስጥ ይህን ያህል የማስተምርበት ሌላ ትዕይንት የለኝም። ኤልየት ትምህርት ቤት ነው፤ እንቁራሪት ሊቀድዱ ነው። ኢቲ ቤት ብቻውን ነው፤ ቢራ ይከፍታል። ኢቲ ይጠጣል፤ ኤልየት ክፍል ውስጥ ያገሳል። ኢቲ ይወድቃል፤ ኤልየት ከወንበሩ ይንሸራተታል። ሁለቱን ያገናኘው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ኤዲቲንግ ብቻ ነው። አንድም ሰው ተነስቶ እነዚህ ሁለቱ ስሜታቸው ተያይዟል አይልም። ቀጥሎ ኤልየት እንቁራሪቶቹን ይለቃቸዋል። ኢቲ ቴሌቪዥን ላይ አንድ የድሮ የፍቅር ፊልም እያየ ነው፤ ወንዱ ሴቷን ይስማታል፤ ኤልየትም በክፍሉ ውስጥ አንዲት ልጅ ይስማል። ሳይጠይቃት ነው የሚስማት። ለልጅዎ አንድ ነገር ማለት ከፈለጉ ቦታው ይህ ነው።

ልጆች ይህን ትዕይንት ያለ ማስረዳት ይረዱታል። የ5 ዓመቷም ትረዳዋለች። ይህ ለኤዲተር ከባድ ፈተና ነው፤ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ስሜት፣ ያለ ንግግር። ለዚህ ነው ሊትልተን ለኦስካር የታጨችው። ሽልማቱን አላገኘችም። ፊልሙ ከዘጠኝ ዕጩነት አራት ኦስካር ወሰደ፤ ሙዚቃ፣ ድምፅ፣ የድምፅ ኤፌክትና የምስል ኤፌክት። የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለው ጋንዲ ነው። በገቢ ግን የሚወዳደረው አልነበረም፤ ጁራሲክ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1993 እስኪመጣ ድረስ በዓለም አንደኛ ሆኖ ቆይቷል።

መጨረሻ ላይ ለምን ሁላችሁም እንዳለቀሳችሁ ደግሞ ልንገርዎት። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ ፊልሙ የተቀረጸው በታሪኩ ቅደም ተከተል ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደረግም፤ ወጪ ይጨምራል። ስፒልበርግ ግን ልጆቹ ከፍጡሩ ጋር አብረው እንዲከርሙና ስንብቱ በመጨረሻው ላይ እንዲመጣ ፈለገ። ስንብቱ ሲቀረጽ ለእነሱም ስንብት ነበር። የሄንሪ ቶማስን ፊት አይተው ይፍረዱ፤ ኤልየትን ሲጫወት 10 ዓመቱ ነበር።

ሁለተኛው ሙዚቃው ነው። የሙዚቃው ደራሲ ጆን ዊሊያምስ የመጨረሻውን ረጅም ክፍል ከምስሉ ጋር እያስተካከለ ኦርኬስትራውን ሲመራ ልኩ አልመጣለት አለ። ስፒልበርግ ምስሉን አጠፋው። ኮንሰርት ላይ እንዳለህ ሆነህ ምራው፣ ፊልሙን እኔ ከሙዚቃው ጋር አስተካክለዋለሁ አለው። እንደዚያው ሆነ። በኛ ሙያ ሙዚቃ ነው ምስልን የሚከተለው። እዚህ ግን ምስሉ ተከትሏል። ኦርኬስትራው ራሱን ችሎ የሚተነፍሰው ለዚህ ነው፤ ሲያድግ ያድጋል፣ ሲቆም ይቆማል። ከተቻለ በቴሌቪዥኑ ቀጭን ድምፅ አይዩት። ጥሩ ስፒከር ያገናኙ። ከስክሪኑ ትልቅነት ይልቅ ይህ ይሻላል።

ቅጂውን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን የመጀመሪያውን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2002፣ ለ20ኛ ዓመቱ፣ የተነካካ ቅጂ ወጥቶ ነበር። በመጨረሻው ማሳደድ ላይ የመንግሥት ሰዎች የያዙት ጠመንጃ በኮምፒውተር ጠፍቶ በዎኪቶኪ ተተካ። የኢቲ ፊት በአንዳንድ ቦታ በኮምፒውተር ተሠራ። ተቆርጠው የነበሩ ትዕይንቶች ተጨመሩ፤ አንዱ ኢቲ ገንዳ ውስጥ ሲታጠብ የሚያሳይ ነው። ስፒልበርግ ራሱ በኋላ ተጸጽቷል፤ ማድረግ አልነበረብኝም ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፊልሙ በብሉሬይ ዲስክ ሲወጣ የወጣው የመጀመሪያው ቅጂ ነው። ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ከጥርጣሬ ለመውጣት ርዝመቱን ይዩ፤ የመጀመሪያው 115 ደቂቃ ገደማ ነው፣ የ2002ቱ ወደ 120 ይጠጋል። ጥንቃቄዬ ያለ ምክንያት አይደለም። ጠመንጃዎቹ ሲጠፉ ልጆቹ የሚያመልጡት ከምን እንደሆነ ይደበዝዛል፤ ብስክሌቱ መሬት ሲለቅ የሚሰማን እፎይታም አብሮ ይቀንሳል። የኮምፒውተሩ ፊት ደግሞ ከአሻንጉሊቱ ቀድሞ አርጅቷል።

አሁን ለትንሿ። ያስፈራል ወይ? አዎ፣ ቦታ ቦታ ያስፈራል። ስዊድን ያኔ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክላው ነበር፤ ይህ ለእኔ የተጋነነ ነው። ግን የ5 ዓመት ልጅን ብቻዋን አስቀምጠው ወጥ ቤት አይግቡ። ከጎኗ ይሁኑ።

መጀመሪያ ላይ ፊልሙ ጨለማ ነው፤ ጫካ፣ ጭጋግ፣ የእጅ ባትሪ። ለደቂቃዎች የሰው ንግግር የለም። የ9 ዓመቱ «ምንም እየሆነ አይደለም» ሊል ይችላል። ይታገሱ፣ አያስረዱ፣ አያሳልፉት። ንግግር ስለሌለ የፊልሙን ቋንቋ ለማያውቅ ልጅም ምቹ ነው። ከዚያ ኤልየትና ኢቲ በቆሎ ማሳ ውስጥ ድንገት ተያይተው ሁለቱም ይጮኻሉ። ልጅ ያስደነግጣል፣ ወዲያው ግን ያስቃል። ልጆቹ ሲሳደቡም ይሰማል፤ ይህን ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ከባዱ ሁለተኛው አጋማሽ ነው። ኢቲ ይጠፋል፤ ማይክል ወንዝ ዳር ገርጥቶ ወድቆ ያገኘዋል። ቀጥሎ የጠፈር ልብስ የለበሱ ሰዎች በበርና በመስኮት ይገባሉ። ቤቱ በሙሉ በፕላስቲክ ይሸፈናል። አንድ ልጅ ደህና ነው ብሎ የሚያስበው ቦታ የራሱ ቤት ነው፤ እሱ ሲወረር ማየት ያስፈራል። ሐኪሞቹ ኢቲን ለማትረፍ ሲሯሯጡ የሚሰማው ንግግር ትርምስምስ ያለ ነው። ብዙዎቹ እውነተኛ ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው፤ እንደ እውነተኛ በሽተኛ አክሙት ተብለው ነው የተቀረጹት። ትክክለኛነቱ ነው የሚያስጨንቀው። ትንሿ ፊቷን ብትሸፍን ግለጪ አይበሏት፤ ባትሸፍንም ሸፍኚ አይበሏት።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያሳዩዋት። ገርቲ ለኢቲ የሰጠችው፣ በማሰሮ የተተከለ አበባ አለ። ኢቲ ሲታመም ይጠወልጋል። በከባዱ ሰዓት ስለ አሻንጉሊቱ ከሚያጽናኗት፣ አበባውን ጠብቂ ይበሏት። ምን እንደሚሆን አይንገሯት። ሥራ ተሰጣት ማለት ነው፤ የምትጠብቀው ነገር ያላት ልጅ ፍርሃቷ ይቀንሳል።

ስለ አባትየው ብትጠይቅዎት፣ «ለምን ሄደ?» ብትል፣ ፊልሙ አልነገረንም ይበሏት። እውነትም አልነገረንም፤ መጨረሻውም ላይ አባት አይመለስም። ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ያለፈበት ልጅ ካለ ግን ቀድመው ለብቻው ያነጋግሩት። የእራቱና የጋራዡ ትዕይንት ሳይታሰብ ሊነካው ይችላል።

ልጆቹ ደክሟቸው ለሁለት ከፍለው ማየት ካስፈለገዎት ማቆሚያው ከሃሎዊን በፊት ነው። ከዚያ ወዲያ አያቁሙ። በተለይ ኢቲ ሞቷል በተባለበት ላይ አጥፍተው፣ የቀረውን ነገ እናያለን ብለው ትንሿን እንዳያስተኟት። ጊዜ የማይበቃ ከመሰለዎት ሌላ ቀን ይጀምሩት።